ጎተራ ሲሞላ የወጣ ሕግ

እኔ የምለው፣ ሰው ጎተራው ጢም ሲል ሕግ ማውጣት የሚያምረው ለምንድን ነው? ባዶ ሲሆን እኮ ለሁሉም ደግ ነው።

ጎረቤቴን አያ ጫኔን ነው የማማው። ዘንድሮ ሩዙ ሰመረለት። ጎተራው ሞልቶ ተርፎ ጆንያው ቤት ውስጥ ተቆልሎ፣ ቦታ ጠቦ ቤተሰቡ በጎኑ ሆነ የሚተኛው። ወረታ ሲወጣ ግን ሱቁ ሁሉ የውጭ ሩዝ! ነጭ፣ ረጅም፣ ሲቀቀል አንዱ ካንዱ የማይነካካ። የኛው ሩዝ ግን ድስት ውስጥ ሲገባ ይተቃቀፋል። ምን ይደረግ፣ እንደ ሰዉ ነው።

እድር ላይ ተነሳና፣ የውጭ ሩዝ የደገሰ ሰው ድንኳንም ድስትም አይሰጠው አለ። አጨበጨብን። ሽንኩርት የምታለማው ጥሩዬ፣ የሌላ አገር ሽንኩርትስ ለምን ይገባል አለች። አሁንም አጨበጨብን። እኔ ጓሮ ሙሉ ያበሻ ዶሮ ይዤ ዝም ልበል? የፈረንጅ ዶሮ ድግሳችን እንዳይደርስ፣ ሥጋው ጥጥ ጥጥ ይላል አልኩ። ለጤናችሁ ብዬ ነው አልኳቸው።

የአያ ጫኔ ልብ ግን ደብረ ታቦር ነበር። ልጁን የዳረው እዚያ ላለ እህል ነጋዴ ልጅ ነው። ሩዙን ለነጋዴው ሊያስረክብ አስቧል። ክረምት ሳይገባ ካልወጣለት አለቀለት። የፎገራን ውሃ ታውቁት የለ? ቤት ድረስ መጥቶ ነው የሚጠይቅ።

የቅልቅሉ ዕለት፣ የሙሽራዋ ወገኖች ተጠርተን ደብረ ታቦር ወጣን። ገበታው ቀረበ። ድንች ወጥ፣ ድንች አልጫ፣ ድንች ቅቅል። እርስ በርስ ተያየን። አያ ጫኔ ጠጋ ብሎ የሩዙን ነገር ሲያነሳ፣ የሙሽራው አባት ሳቅ አሉ።

«የእናንተን ሕግ ሰምተን ወደድነው። የኛም እድር ድንቹን ሊጠብቅ፣ ከውጭ የመጣ እህል ድግስ ላይ እንዳይቀርብ ተስማማ። ሩዝ ባመጣ ማን ይገዛኛል? ዘዴውን ስላስተማራችሁን እግዜር ይስጥልን።»

«ኧረ እኛ የውጭ አገር ሰዎች አይደለንም!» አለ አያ ጫኔ።

«ጉና ተራራ ላይ ቆሞ ላየው ሁሉም ውጭ ነው» አሉት።

ቁልቁል ወደ ወረታ ተመለስን። በነጋታው አያ ጫኔ ደጄ መጣ። ሰማዩ በጣና በኩል ጠቁሯል።

«እታለም፣ ያን ሕግ ብናነሳውስ?»

አንጀቴን በላው። የሩዙን እኔው አስነሳልሃለሁ፣ ስለ ሽንኩርቱም ጥሩዬን እለምናታለሁ አልኩት።

«የዶሮውስ?» አለኝ።

የዶሮውማ የጤና ጉዳይ ነው።