ሊቀ ውርጭ ፕሩትና የሠርጌ ሰላጣ

የቀለጠ በረዶና የፈረስ ፋንድያ ሽታ ባንድነት የተነሣ ዕለት፣ በአሜሪካ፣ በሰሜን ቨርሞንት በምትገኘው መንደራችን የሚስተር ኤልስዎርዝ ፕሩት የጓሮ ጉብኝት መጀመሩን እናውቅ ነበር። ጓሮ ባለበት አገር ሁሉ አንድ ውርጭ ዐዋቂ አይጠፋም። የእኛው ግን ማዕርጋቸው ከፍ ያለ ስለ ነበር "ሊቀ ውርጭ" ልበላቸው።

ሊቀ ውርጭ አፈር በእጅ አይለኩም፤ እጅ ይዋሻል ባይ ናቸው። እጅጌያቸውን ይሰበስቡና፣ እናት የሕፃን መታጠቢያ ውሃ እንደምትለካ፣ ክርናቸውን የጓሮው መደብ አፈር ውስጥ ይሰኩታል። ከዚያ ዐይናቸውን ወደ ማዶው ተራራ ያነሣሉ። ጫፉ ላይ መሐረብ የምታህል በረዶ ከቀረች መትከል የለም።

"ገና ነው! ተራራው ቆቡን አላወለቀም።"

ቸኩላ ቆስጣ የዘራችውን መምህርት "ቀብሩ መቼ ነው?" ብለው አስለቅሰዋታል። ፓስተራችን ስለ ፀደይ መምጣት ምስጋና ሲጀምሩ ሊቀ ውርጭ ከኋላ ወንበር "ገና ነው!" ቢሉ፣ ምእመናኑ "አሜን" ብለዋል።

እኔ የተዳርኩበት ዓመት ሠርጉ በሰኔ አጋማሽ ነበር። እናቴ ኮራ ለሰማንያ እንግዳ ከገዛ ጓሮዋ የተቀጠፈ ሰላጣ እንደምታቀርብ ለአማቶቼ ቃል ገብታለች። አማቶቼ የከተማ ሰዎች ናቸው፤ መንደራችን ከድንች በቀር የሚያበቅል አይመስላቸውም። ሰላጣው ለሠርጉ እንዲደርስ ተራራውን መጠበቅ አይቻልምና፣ እናቴ በግንቦት መባቻ ችግኙን ተከለችው።

"ኮራ፣ ምነው ልጅሽን ጠላሻት?" አሉ ሊቀ ውርጭ አጥሩን ተደግፈው።

"እርስዎን ስጠብቅ አርጅታ ትዳር እንዴ?"

"አሮጊት ሙሽራ አይቻለሁ። ውርጭ መትቶት የተረፈ ችግኝ ግን አላየሁም!"

በሳምንቱ ብርቱ ውርጭ ወረደ። ጠዋት እናቴና እኔ ወደ ጓሮ ሮጥን። መደባችን ባለ መስመር አንሶላ ለብሶ፣ ዳር ዳሩ በድንጋይ ተጭኖ ተኝቷል። አንዱ ጥግ ላይ አንሶላ አልበቃ ብሎ የሽማግሌ ረጅም የውስጥ ሱሪ ተዘርግቷል። ከሥሩ ያለው ሰላጣ ምንም አልሆነ።

ባለ አንሶላው ሊቀ ውርጭ ወዲያው መጡ። ወጥ ቤት ተቀምጠው "አላልኩሽም ኮራ? አላልኩሽም?" ሲሉ፣ እኔ አንሶላቸውንና ሱሪያቸውን ላደርስ ወደ ቤታቸው ተሻገርኩ። ከጎተራቸው ኋላ፣ ከመንገድ በማይታይ ቦታ፣ ሦስት መደብ ሰላጣ እንደ ተቀቀለ ጠቁሮ ተኝቷል። ቅጠሉ ከእኛው ይሰፋል፤ ከእኛው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ የተተከለ ነው።

ተመልሼ ጠየቅኋቸው። "ሚስተር ፕሩት፣ ከጎተራው ኋላ ያለው ሰላጣ የማን ነው?"

እናቴ በሣቅ ፈነዳች። "እርስዎም! ተራራው ቆቡን ሳያወልቅ!"

"ለሙከራ ነው" አሉ፤ ጆሯቸው ቀላ።

ድንገት የእናቴ ሣቅ ተቋረጠ። "ታዲያ አንሶላውን ለራስዎ ሰላጣ አያለብሱትም ነበር?"

"እኔ ምን የምድረው ልጅ አለኝ?"

ስኒያቸውን አስቀመጡ፤ ባርኔጣቸውን አነሡ፤ ደኅና ዋሉ እንኳ ሳይሉ ወጡ።