ለዓሣ ገንዳ የተጠራ ደቦ

አንባቢ ሆይ፣ ሳይጠሩት መጥቶ የሚያግዝ ደግ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? እኔ ደባርቅ የተከራየሁት ከእንዲህ ያለ ሰው ግቢ ነው።

በረንዳዬ ላይ ባስቀመጥኩት የመስታወት ገንዳ ጭቃና ጠጠር አንጥፌ፣ ከዛሪማ ወንዝ ያመጣኋቸውን የውኃ ተክሎች ጥቅጥቅ አድርጌ ተከልኩ። ትንንሽ ዓሦችም ለቀቅሁበት። ለተማሪዎቼ እንደማስረዳው፣ ተክሎቹ ውኃውን ያጣራሉ፣ ለዓሦቹም አየር ይሰጣሉ። ስለዚህ ገንዳው ጤነኛ የሚሆነው ዱር ሲመስል ነው።

ለሥልጠና ዳባት ሰንብቼ ስመለስ ገንዳው ሙልጭ ብሎ ተላጭቶ ጠበቀኝ። አከራዬ አባ ጥጋቡ ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው፣ እጅጌያቸውን እንደሰበሰቡ በኩራት ቆመዋል።

«ልጄ፣ ማሳህን አረም ሲውጠው ዝም እንበል? ደቦ ወጣንልህ!»

«አባ፣ ተክሎቹስ?»

«ለጥጃዋ ሰጠናት። እንዴት እንደወደደችው!»

ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አየር ፍለጋ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

«አየሃቸው? ሲያመሰግኑ እኮ ነው!» አሉ አንዱ ጎረቤት።

ደቦ የወጣ ሰው በልቶ ጠጥቶ ነው የሚሸኘው። ጠላ አስመጣሁ። እየቀዳሁላቸው ሳለ ዓሦቹ አንድ በአንድ ተገለበጡ። አባ ጥጋቡ ተነሥተው መረቁኝ፦ «ዓመት ዓመት ያድርስህ፤ እኛም እናርምልሃለን!»

«አሜን» አልኩ።

እስቲ እርስዎም ይሞክሩት። ጭቃ፣ ጠጠርና ተክል ብቻ ይበቃል፤ መትከሉም ቀላል ነው። ከዚያ አንድ ደግ ሽማግሌ እጅጌያቸውን ሰብስበው ፈገግ እያሉ ሲመጡ «ይቅርብኝ» ይበሏቸው። ከቻሉ እኔንም ያስተምሩኝ።