ለፋሲካ የጸዳው ካርቡራተር

ቤት የሚያፈርሰው ቆሻሻ ነው ይላሉ። እኔ ግን ንጽሕና ያፈረሰውን ያህል አላየሁም። ካላመናችሁኝ ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት ሰፈራችን ክርያት ሞሼ ብቅ በሉና ባለቤቴን እናኑን እዩዋት። እኛ አይሁድ በፋሲካ እርሾ ያለበት ነገር፣ ዳቦም ሆነ ጠላ፣ ቤታችን አይገኝም፤ ጎንደር ሳለን እርሾ የነካውን የሸክላ ዕቃ ሁሉ አውጥተን እንጥል ነበር። እዚህ ሸክላው ቀረ እንጂ እናኑ ያችው እናኑ ናት። እኔ ራሴ፣ አሮጌ ዕቃ ነኝና፣ ያን ሳምንት ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነው የማሳልፈው።

መኪናዬን አታውቋትም። ክፋር ማርሞሬክ ሰፈር ግቢያቸውን እንከባከብላቸው የነበሩ አንድ ሽማግሌ መንዳት ሲያቅታቸው የሰጡኝ ትንሽ የእንግሊዝ መኪና ናት። ዓይኗ ክብ ነው፤ ጠዋት ታስላለች፤ ዳገት ላይ ታጉረመርማለች። እኩያሞች ስለሆንን እንግባባለን። እናኑ ግን "ጣውንቴ" ነው የምትላት። "ከእኔ ጋር ከተቀመጥከው ከእርሷ ሥር የተጋደምከው ይበልጣል" ትለኛለች። ውሸት አይደለም።

ሽማግሌው አደራ ያሉኝ ስለ ካርቡራተሯ ነበር። ካርቡራተር ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ሞተሩን የሚያጎርስ ዕቃ ነው። የእርሷ አናቱ ደወል ይመስላል። ውስጡ ከፍ ዝቅ የሚል ብረት አለ፤ ከብረቱ ሥር መርፌ ተሰክቷል። ነዳጅ ስትረግጡ ብረቱ ይነሣል፣ መርፌው ቀዳዳውን ለቀቅ ያደርጋል፣ ቤንዚኑ ይመጣል። ታዲያ ብረቱ ደንግጦ እንዳይዘል፣ አናቱ ላይ ባለች ትንሽ ክዳን በኩል ጥቂት ዘይት ይጨመርለታል። የዘይቱ ሥራ የሽማግሌ ሥራ ነው፤ "ቀስ በል ልጄ" ይለዋል። ሽማግሌ የሌለበት ቤት እንዴት እንደሚሆን መቼም ታውቃላችሁ...

የዚያን ዓመት የፋሲካውን ማዕድ፣ ሴደሩን ማለቴ ነው፣ ያሰናዳችው መዝከረት ባትያ የምትኖረው ልጃችን ወርቅነሽ ነበረች።

"ቀደም ብለን በአውቶቡስ እንሂድ" አለች እናኑ።

"መኪና እያለን?"

"መኪና አይደለችም፣ በሽተኛ ናት።"

"ፀሐይ ሳትጠልቅ ካላደረሰችን እሸጣታለሁ" አልኩ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል የሚባለው ለእኔ ነው።

"ቤሰደር" አለች፤ እሺ ለማለት እንዲህ ፈጥና አታውቅም። ገዢም አልጠፋ። አሮጌ መኪና የሚሰበስበው ጎረቤታችን ገና ሳንስማማ ፎቶዋን በዋትሳፕ ለጓደኞቹ ልኮ ጨርሷል።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ተነሣን። የሰፈሩን መንገድ ቀስ እያልን ስንወጣ ደህና ነበረች። ዋናው መንገድ ላይ ነዳጁን ረገጥ ሳደርግላት ግን እህህ አለችና ደከመች። ደግሜ ስረግጥ ስቅታ ያዛት። ከኋላችን ያለው ሁሉ ጥሩምባውን ነፋ። አንዱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "ያላ አባ፣ በዓሉ ሊያልፍ ነው" አለኝ። ዳር ይዤ ቆምኩ። ፀሐይዋ ከብርቱካኑ ዛፎች በላይ አንድ ክንድ ያህል ቀርቷታል። ከገባች በኋላ በበዓል መንዳት የለም። እኛ በእግራችን፣ መኪናዋ ወደ ጎረቤት።

ኮፈኑን ከፍቼ ትንሿን ክዳን ፈታሁ። ውስጡ ደርቋል። መድረቁስ ይሁን... ያብለጨልጫል።

"እናኑ፣ እዚህ የነበረው ዘይት የት ሄደ?"

"ያ ቡናማው? ዘይት ነው እንዴ?"

"ምን መስሎሽ ነበር?"

"ጠላ።"

"ሞተር ውስጥ ጠላ?"

"ዳቦህን ሞተሩ ላይ ስታሞቅ አይቼሃለሁ። ዳቦ ካለበት ጠላ አይጠፋም ብዬ በጨርቅ መጥጬ አወጣሁት። የቢራ ጠርሙስህንም ጣልኩት።"

የቢራ ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው መጠባበቂያ ዘይቴ ነው። እንግዲህ ፍረዱ። ዳቦ ማሞቄ እውነት ነው፤ ዘይቱን በቢራ ጠርሙስ ማስቀመጤም እውነት ነው። በሃይማኖቱ ረትታኛለች፤ የወደቀችው በመካኒክነቱ ብቻ ነው።

ዓይኔ እግሯ ሥር ወዳለው ዘንቢል ሄደ። ለወርቅነሽ የያዘችው የፋሲካ የምግብ ዘይት፣ እርሾ አልነካውም የሚል የረቢው ማኅተም ያለበት፣ ገና ያልተከፈተ...

"አይሆንም" አለች፣ ምንም ሳልናገር።

"ጥቂት ጠብታ ብቻ።"

"የልጄን ዘይት ለጣውንቴ ላጠጣ?"

ፀሐይዋን አየች። ቀጥላ አዲሱን ጫማዋን አየች፤ ተረከዙ ረጅም ነው። ጠርሙሱን ይዛ ወረደችና ገፋ አደረገችኝ። "ዞር በል፣ አንተ ታፈሳለህ። ከጠጣችም ከእኔ እጅ ትጠጣ።"

ጠብ ጠብ አደረገችላት። ክዳኑን መለስኩ፣ አስነሣሁ፣ ነዳጁን ረገጥኩ። ሄደች! ያለ ስቅታ፣ እንደ ጨዋ ልጅ።

ወርቅነሽ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን፤ ፀሐይዋ ጫፏ ብቻ ይታያል። "እማ፣ ምን አቆያችሁ?"

"ጣውንቴን ሳጠጣ" አለች እናኑ፣ ጎደል ያለውን ጠርሙስ እየሰጠቻት።

የምግብ ዘይት ሲቆይ እንደ ሙጫ ስለሚያጣብቅ ከበዓሉ በኋላ አውጥቼ የደንቡን ሞላሁላት። ከዚያ ወዲህ ግን ፋሲካ በደረሰ ቁጥር እናኑ ጨርቅና ያልተከፈተ ዘይት ይዛ ትወርድና "ያንን ጠላ አውጣው" ትለኛለች። ዘይት ነው ብዬ መከራከሩን ትቼዋለሁ። ዘንድሮ ያ የፋሲካ ደረቅ ቂጣ አልወርድ ቢለኝ ጥቂት ላርስበት ብዬ ጠርሙሱን ባነሣ እጄን መታ አደረገችኝ።

"አስቀምጥ" አለች። "የጣውንቴ ነው።"