ከዘፈኑ ጀርባ ያለው ሶርሳ

ዘፈኑ የወጣው በ2015 ዓ.ም. መስከረም፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ በጊፋታ ሰሞን ነው። ወይስ በ2016? አሥራ አምስት ይመስለኛል፤ ግን በዚያ ዓመት ጊፋታን ሶዶ አልዋልኩም። ሶርሳ ቢጠየቅ ቀኑን ከነሰዓቱ ይናገራል። ችግሩ በየጊዜው ሌላ ቀን መናገሩ ነው።

አንድ ዘፈን በታወቀ ቁጥር በየከተማው «እኔ ባልኖር አይወጣም ነበር» የሚል ሰው ይነሳል። ግጥም ያቀበለ፣ ዘፋኟን ሻይ የጋበዘ፣ ቢያንስ ስቱዲዮው ያለበትን ሕንፃ በሩቁ ያየ። ወላይታ ሶዶ ለዚህ ማዕረግ ክቡር አቶ ሶርሳን ሾማለች። መነኸሪያው አጠገብ፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ በሚቆምባት ሱቁ፣ ስልክና ፍላሽ ላይ ዘፈን ይጭናል።

የዘፋኟን የሜላትን «በበዴሳ መንገድ» ያልሰማ ሰው ባጃጅ ተሳፍሮ አያውቅም ማለት ነው። በዩቲዩብ አሥራ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ታይቷል። ሰርግ ላይ ሦስት ጊዜ ሳይከፈት ሙሽራ አይሸኝም።

«ከጀርባው ያለውን ታውቃለህ?» ይላል ሶርሳ። አውቃለሁ ብትሉትም ይነግራችኋል። «አዝማቹ የእናቴ ነው። ሁምቦ ውስጥ ጎረቤት ተጠራርቶ የአንዱን ማሳ ሲቆፍር እሷ ታወጣለች፣ ሌላው ይቀበላታል። ልጅቷ እዚያው ሁምቦ፣ ተበላ ከተማ ገበያ ሰምታ ወሰደችው።»

ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት የዘፈኑን የዩቲዩብ ዕይታ ያያል። «ትናንትና ብቻ አርባ ሺህ ገባልን!»

«ታዲያ ዛሬ ምሳ በናንተ ነዋ!» ይለዋል ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ቢያድግልኝ።

«ሳቅ አንተ። እኔ ብር አልጠየቅኩም። ከዘፈኑ ሥር ስም ሲደረድሩ መብራት የያዘውን እንኳ አልረሱም። የእናቴም ስም ይግባ ነው ያልኩት።»

ለዚሁ ማመልከቻ እንድጽፍለት ሁለት ዓመት ለምኖኛል።

«መምህር፣ አንተ ተምረሃል።»

«ለዘፋኝ ማመልከቻ አይጻፍም፣ ሶርሳ።»

«ታዲያ ምን ይጻፋል?»

እውነቱን ለመናገር፣ አላመንኩትም ነበር።

ሶርሳ ይህን ዘፈን ሳይጠየቅ፣ በነጻ፣ እጁ በገባ ፍላሽ ሁሉ ላይ ይጨምራል። ባለፈው ሐምሌ ወንጌላዊ ባዳቾ ስብከት እንዲጭንላቸው ፍላሻቸውን ሰጡት። እሑድ ጠዋት፣ ሕዝቡ ወደ ቸርች እየገባ ሳለ፣ ስብከቱ በድምፅ ማጉያ ይሰማ ነበር። አለቀና «በበዴሳ መንገድ» ቀጠለ።

ወንጌላዊው ወደ ማሽኑ ሮጡ። መዘምራኑ አፋቸውን ያዙ። ሶርሳ የኋላ ወንበር ላይ፣ ከእኔ አጠገብ፣ አንገቱን ቀብሯል። ለጉባኤ ከሁምቦ የመጡት አሮጊቶች ግን እያጨበጨቡ አዝማቹን ተቀበሉ። በሜላት ቃል አይደለም፤ በወላይትኛ፣ በቆፋሪ ቃል። ማሽኑ ከጠፋ በኋላም፣ ዘፈኑ ውስጥ የሌለውን መስመር ጨምረው ጨረሱት።

«ዓለማዊ እኮ ነው፣ እማማ!» አሉ ወንጌላዊው።

«ታዲያ ዓለሙን ማን ቆፈረው?» አሉ አንዷ አሮጊት፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

ሰኞ ማመልከቻውን ጻፍኩ። «ጉዳዩ፦ የአዝማች ባለቤት ስም እንዲጠቀስ ስለመጠየቅ።» ሁለተኛው አንቀጽ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ። ሁለት ዓመት ሙሉ «እናቴ» ሲለኝ፣ ስሟ ማን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።

ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። ሱቁ ተዘግቷል።

«የቸርች ሽማግሌዎች ሳይጠሩኝ ብሎ አሁን ገና ወጣ» አለኝ ቢያድግልኝ። «ነገሩ እስኪበርድ ተበላ ይከርማል። ስልኩንም አጥፍቷል።»

«የእናቱን ስም ታውቃለህ?»

መርፌውን ከአፉ አወጣ። «የሶርሳ እናት ነው የምንላት።»

በዚህ ዕድሜዬ ወደ መነኸሪያው ሮጥኩ። የተበላው ሚኒባስ ከመነኸሪያው በር እየወጣ ነው። ሶርሳ በመስኮቱ እስከ ወገቡ ወጣ።

«መምህር! አሮጊቶቹን ሰማሃቸው አይደል?»

«ሰምቻለሁ! ጽፌልሃለሁ!» ወረቀቱን አነሳሁለት። ፊቱ በራ። «ግን ሶርሳ፣ ስሟ...»

ሚኒባሱ ወደ ሁምቦ መንገድ ታጠፈ።