ሃያ በመቶ ሰው

ስህተት አያናድደኝም። ሰው ነን፣ እንሳሳታለን። እኔን የሚያንጨረጭረኝ ታስቦበት፣ በመቶኛ ተለክቶ የሚሠራ ስህተት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ አለ እንዴ ትሉኝ ይሆናል። አለ እንጂ! እኔው ራሴ ቆቦ ቁጭ ብዬ ስሠራው ነበር።

ቆቦ መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ኮምፒውተርና የሙዚቃ ኪቦርድ ይዤ የሰርግ ዘፋኞችን እቀዳ ነበር። ከደንበኞቼ አንዱ አበራ ነው፤ ድምፅ አለው፣ ትዕግሥት የለውም። አንድ ቀን የራያ ዘፈን ሊቀዳ ሲመጣ እዚያው አቅራቢያ ካለችው ከጎብዬ ከተማ እትዬ ከድጃን ይዞ መጣ። እትዬ ከድጃ አርባ ዓመት ሙሉ በየሰርጉ ከበሮ የመቱ ሴት ናቸው። በዚያ ወገን እሳቸው ሳይመቱለት የተዳረ ሰው ጥቂት ነው።

ከሰዓቱን ሙሉ ሲመቱ ዋሉ፣ እኔም ቀዳሁ። እሳቸውን ሸኝቼ ስመለስ ምን አደረግኩ? ከዚያ ሁሉ ምት አራቷን ብቻ ቆረጥኩና ኮምፒውተሩ እየደጋገመ እንዲያጫውታት አዘዝኩት። በእኛ ሙያ ሉፕ ትባላለች። ሥራ ታቀላለች። አበራ ግን ሰምቶ ፊቱን አጨማደደ። «ወፍጮ ቤት ያለሁ መሰለኝ» አለ። እውነቱን ነው።

ፕሮግራሙን ስጎረጉር አንድ ቁልፍ አገኘሁ። እሱን ስትጫኑት ኮምፒውተሩ በዘፈቀደ አንዱን ምት ያጠነክራል፣ አንዱን ያላላል፣ አንዱን ትንሽ ያዘገያል፣ ሲያሻው ደግሞ ጭራሽ ይዘለዋል። ማን አዞት? ማንም። በዕጣ ነው። ቁልፉ ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ታውቃላችሁ? «ሰው አስመስል»! እስኪ ፍረዱኝ፤ ሰው ማለት ዝም ብሎ የሚሳሳት ነገር ነው? በጣም ተናደድኩ። ተናድጄም ሃያ በመቶ ላይ አድርጌ ተጫንኩት።

አበራ ሲሰማ ከወንበሩ ተነሣ። «አሁን ሰው ሆነ!» አለ። ከዚያ ወዲህ ሰርግ ሲጠራ ላፕቶፕ ይዞ መሄድ ጀመረ፤ እትዬ ከድጃን መጥራት ተወ። የሚሰማው እኮ የእሳቸው እጅ ነው! እሳቸው ቤታቸው ተቀምጠው እጃቸው ብቻውን ከሰርግ ሰርግ ይዞራል። ይሄን ግፍ ምን ትሉታላችሁ? አበራን ይዤ ብሞግተው «አንተው አይደለህ እንዴ የሠራኸው?» አለኝ። እውነት መሆኑ ይብስ አናደደኝ።

ጎብዬ ገበያ ሄጄ እትዬ ከድጃን ፈለግኋቸው። ሽንኩርት ሲመርጡ አገኘኋቸውና ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። አብረውኝ ይናደዳሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «እስኪ አሰማኝ» አሉና ስልኬን ጆሯቸው ላይ ለጠፉት።

«እጁስ የኔ ነው» አሉ ቆይተው። «ግን ሰው አያይም። እኔ የማጠነክረው ጨፋሪው ሊዘል ሲል ነው። ሽማግሌ ገብቶ ሲደክመው አለዝብለታለሁ። ይሄ ማንን አይቶ ነው የሚያጠነክረው?»

«በዕጣ ነው እኮ እትዬ! በዕጣ!» ድምፄ ከፍ ብሎ ሽንኩርት ሻጯ ቀና ብላ አየችኝ።

«በል የልጄ ሰርግ ደርሷል፤ ይዘኸው ና።»

«እርስዎ እያሉ?»

«አርባ ዓመት ሰው ሲጨፍር ከበሮ ይዤ ቆሜ አየሁ። በልጄ ሰርግ እንኳ አልጨፍርም? ወላሂ፣ ዘንድሮስ እኔም እጨፍራለሁ!»

ምን ይባላል? የሰርጉ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ዳሱ ጢም ብሏል። አበራ ይዘፍናል፤ እኔ ኮምፒውተሬንና ኪቦርዴን የለስላሳ ሳጥን ላይ ደርድሬ ጥጌን ይዣለሁ። እትዬ ከድጃ መቀነታቸውን አጥብቀው ገቡ። ትከሻቸው ሲጀምር ዳሱ በእልልታ ተናጋ። ሊዘሉ ሲሉ ኮምፒውተሩ ምቱን ዋጠው። እግራቸው ባዶ ላይ አረፈና ተንገዳገዱ። አንዱ ጎረምሳ ሳቀ። ደግመው ሞከሩ፤ አሁን ደግሞ ሳይጠብቁት ደለቀባቸው። ቆሙ። በገዛ ልጃቸው ሰርግ፣ ዳሱ መሃል፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።

ደሜ ፈላ። የኮምፒውተሩን ከበሮ ድርግም አድርጌ አጠፋሁትና ያንኑ የእሳቸውን የከበሮ ድምፅ ኪቦርዱ ላይ በሁለት ጣቴ ራሴ መምታት ጀመርኩ። ዓይኔ እግራቸው ላይ ነው። ጉልበታቸው ሲታጠፍ እጠብቃለሁ፣ ሲነሡ አጠነክራለሁ። ቀስ ብለው ቀና አሉ። ከዚያማ ምኑን ልንገራችሁ! ስንት ዘመን ታምቆ የቆየ ጭፈራ ነው የወጣው። አበራ ግጥሙ አለቀበት፤ እሳቸው ገና ናቸው። ሙሽራዋ እየሳቀች ታለቅሳለች። የኔ ጣቶች አብጠው አልታዘዝ አሉኝ።

ሲበቃቸው ላባቸውን እየጠረጉ ወደኔ መጡ። ምስጋናዬን ልቀበል ብድግ አልኩ። አልፈውኝ ኮምፒውተሩን ጀርባውን መታ መታ አደረጉት።

«ጎሽ! ለመደ። አሁን ሰው ማየት ጀመረ» አሉት።

ላስረዳ አፌን ስከፍት ወደኔ ዞሩ።

«አንተ ደግሞ፣ ማሽኑ እየሠራልህ ቀኑን ሙሉ ጥግ ይዘህ ቁጭ? ተነሥተህ ብትጨፍር ምን ትሆን ነበር?»