ወንድሜ በየወሩ በአምስት ይልካል

ሰው ሰውን ሳይመዝን አይውልም። በእኛ አገር ልጅ ለመዳር የሚቀመጡ ሽማግሌዎች የወንዱን ቤት ሲያጣሩ አንድም ወረቀት አይጠይቁም። የማን ጎሳ ነው? አባቱ ያበደረውን ገንዘብ ሰው ፊት ይጠይቃል ወይ? እናቱ ጎረቤት ሲታመም በሯን ትዘጋለች ወይ? በረት ውስጥ ከሚታየው ከብት የራሱ ስንት ነው፣ የአደራውስ ስንት ነው? ተማሪ ሳለሁ ይህን ሁሉ ኋላ ቀርነት ነው እል ነበር። ባንክ ገብቼ ብድር እስክጠይቅ ድረስ ማለቴ ነው። ለካ ባንክም ሽማግሌ ነው። ልዩነቱ፣ ሽማግሌ ስለ እናንተ ጎረቤታችሁን ይጠይቃል፤ ባንክ ደግሞ የሒሳብ ደብተራችሁን። ጎረቤት አንዳንዴ ይራራል።

እኔ ስለ ራሴ ማውራት የሚያሳፍረኝ ሰው ነኝ። ሆሳዕና ውስጥ ለብዙ ዓመታት የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ዛሬም ጠመኔ ካልያዝኩ ሰው ፊት መቆም አልችልም። ይህችን የምጽፋትም ጽሑፍ ፊት ለፊት ስለማያይ ነው። ስምንት ዓመት የደበቅኩት ነገር አለ። ደክሞኛል። የደበቁት ነገር ከሚከብደው ይልቅ በየወሩ እንደ አዲስ መደበቁ ይከብዳል።

ነገሩ የተነሳው አከራያችን ቤታቸውን ስለፈለጉት ነው። ልጃቸው ከደቡብ አፍሪካ ሊያገባ እየመጣ ነው። ጨዋ ሰው ናቸውና "እስከ ክረምት ድረስ ተረጋጉ" አሉን። በዚህ ከተማ "ደቡብ አፍሪካ ልጅ አለው" የተባለ ሰው ሱቅ ውስጥ ወንበር ይሳብለታል። የሌለው ራሱ ስቦ ይቀመጣል። ባለቤቴ ታዲያ ጎፈር ሜዳ ሰፈር በኩል ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው የለበሰ፣ ወለሉና በሩ የቀረ ቤት አገኘ። ሻጩ ቸኩሏል። እኛም ቸኩለናል። የደመወዝ ማረጋገጫችንን፣ የጋብቻ ወረቀታችንንና የአንድ ዓመት የባንክ እንቅስቃሴያችንን በላስቲክ ይዘን ወደ ባንክ ሄድን።

የብድር ባለሙያው ዳዊት ሆነ። የእኔው ተማሪ ነበር፤ በመቶኛ ሲመጣ ሁልጊዜ የሚያለቅስ ልጅ። ዛሬ ከረባት አስሮ የእኔን ደመወዝ በመቶኛ ያሰላል።

"ቲቸር፣ ከተጣራው ደመወዛችሁ ከሲሶው በላይ ለወር ክፍያ እንዲሄድ አይፈቀድም" አለ። "ጡረታ እስክትወጡ የቀረውን ዕድሜም እናያለን። ከዚህ በፊት ከየትኛውም ባንክ ተበድረው ያውቃሉ?"

"በፍጹም" አልኩ፤ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

"እንግዲያው የብድር ታሪክ የለዎትም።"

አለመበደሬን እንደ ጽድቅ ስቆጥረው ኖሬያለሁ። ለካ ለባንክ ያልተበደረ ሰው ያልተወለደ ሰው ነው። መክፈሉ በምን ይታወቃል?

ዳዊት ደማመረና ለቤቱ ትንሽ እንደሚጎድል ነገረን። ያን ጊዜ ባለቤቴ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠግቶ፣ "የታረቀኝን አልደመርክም" አለው።

"ታረቀኝ ማን ነው?"

"የእሷ ወንድም። ደቡብ አፍሪካ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ወር ሳያጓድል ለእናቱ ይልካል። በእሷ ሒሳብ በኩል ነው የሚያልፈው። ዋስ ሁን ብንለውም እምቢ አይልም።"

ዳዊት ወረቀቱን ገለጠ። እስክሪብቶው መስመር በመስመር ሲወርድ አየሁት። ስንት ዓመት የተማሪ ደብተር አርሜያለሁና እስክሪብቶ ስህተት ላይ ሲደርስ እንዴት እንደሚቆም አውቃለሁ። ቆመ።

"ቲቸር፣ የሚወጣውን አገኘሁት። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን፣ ጊምቢቹ ከተማ ወዳለው የእናትዎ ሒሳብ። የሚገባውን ግን አላየሁም። ከውጭ የመጣ ነገር የለም። የሚገባው ደመወዝዎ ብቻ ነው።"

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። ስምንት ዓመት የተሸከምኩት ነገር ሁለት ቃል ሆኖ ወጣ።

ለእናንተ ግን ከሁለት ቃል በላይ ልንገራችሁ። ታረቀኝ ሲሄድ የአባቴ በሬዎች ተሸጡ፣ መሬቱም ለሌላ አራሽ ተከራየ። የመጀመሪያውን ዓመት ላከ። ከዚያ ሱቁን ዘርፈው አቃጠሉበት። ደውሎ አለቀሰ። "እማዬ እንዳትሰማ። እስክቆም ድረስ ሸፍኚልኝ" አለኝ። ሸፈንኩለት። ሦስት ወር ቢሆን ነው ብዬ ነበር። እሱ እስካሁን በሰው ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል፤ ለራሱም አልቆመም። እናቴ በስልክ ስትመርቀው "ምንም አይደል እማዬ" ይላል። እዚያ በተገኘሁ ቀን ስልኩን የምይዝላት እኔ ስለሆንኩ ግድግዳ ግድግዳውን አያለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች አስጠናለሁ፤ የጥናቱ ገንዘብ ቤት ውስጥ የሚጎድለውን ይደፍናል።

ለባሌ ለምን አልነገርሽውም ትሉኛላችሁ። መጀመሪያ፣ ሦስት ወር ነው ብዬ አልነገርኩትም። በኋላ፣ ሦስት ወር መሆኑ ስለቀረ መንገር አፈርኩ። ሐፍረት እንዲህ ነው፤ ወለዱ ከዋናው ይበልጣል።

ዳዊት እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ "ቲቸር፣ ይህ ብድር ቢሆን ኖሮ ከእርስዎ የተሻለ ከፋይ አላየሁም" አለ። "አንድ ወር አላጓደሉም፤ ቀን እንኳ አላሳለፉም።" እንደ ሞኝ ደስ አለኝ። "ግን ብድር ስላልሆነ ታሪክ ሆኖ አይያዝልዎትም። ወጪ ነው። ከአቅምዎ ላይ ይቀነሳል።" ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ለስድስት ወር ቢያቆሙት ንጹህ ስቴትመንት ይዘው ይመጣሉ" አለኝ።

በባጃጅ ስንመለስ ባለቤቴ ቤታችን ልንደርስ ስንል፣ "ከዚያ ቤት አንዱን ክፍል ለታረቀኝ ለይቼለት ነበር" አለ።

የወረቀቱን ላስቲክ ጉልበቴ ላይ አስተካከልኩ።

"በየመስቀሉ እየደወልኩ አመሰግነው ነበር እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"ምን ነበር የሚለኝ?"

"ምንም አይደል ነበር የሚልህ።"

ሦስት ቀን በልጆቹ በኩል ነበር የምንነጋገረው። "ለእናታችሁ ንገሯት፣ ጨው በዝቷል።" ጨውስ አልበዛም ነበር።

እሑድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ጊምቢቹ ወረድኩ። ለእናቴ ልነግራት ነው። መንገዱን ሙሉ ቃሉን ስለማመድ ሄድኩ። በሐዲይኛ ሞከርኩት፣ በአማርኛ ሞከርኩት፤ በሁለቱም አፌ ላይ ይደርቃል። ቤተ ክርስቲያን ስደርስ የምስክርነት ሰዓት ነበር። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። "ልጄ ባሕር ማዶ ሆኖ አልረሳኝም፤ ጌታ ይመስገን" አለች። ጉባኤው አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ። ምን ልበል?

ቤት ገብተን እንደተቀመጥን፣ የሴቶች ቁጠባ ማኅበራቸው ለመስቀል የሚደልቡ ወይፈኖች መግዣ እንዳበደረ አጫወተችኝ። ለሦስት ሴቶች ዋስ የሆነችው እሷ ናት።

"አንቺ?" አልኳት። "በሬ የለሽ፣ መሬቱ ተከራይቷል። በምን አምነው ተቀበሉሽ?"

"ወንድምሽን አምነው ነዋ። ሊቀመንበሯ ተነስታ 'የዚህች ሴት ልጅ ወር አጓድሎ ያውቃል?' ብላ ጠየቀች። ሁሉም 'አላጓደለም' አሉ። በቃ።"

ቅጽ የለም፤ ስቴትመንት የለም፤ በመቶኛ የለም። ዳዊት ታሪክ የለዎትም ያለኝ ሴትዮ እዚያ ታሪኬ በአደባባይ ተመስክሮልኝ፣ ተወድሶ፣ ሦስት ወይፈን ቆሞበታል፤ በወንድሜ ስም። አስቡት። ስድስት ወር ባቆም የእኔ ወረቀት ይነጻል፣ የእናቴ ስም ይቆሽሻል። የያዝኩትን ቃል ዋጥኩት።

እሷ ግን አልጨረሰችም። "እኔን የሚያሳዝነኝ አንቺ ነሽ" አለችኝ። "መምህር ምን ይተርፈዋል? ታረቀኝ ሲደውል እህትህን አስባት እለዋለሁ።"

"ምን ይልሻል?"

"ድምፁ ይሰበራል። አንጀቱ ለስላሳ ነው፣ ያ ልጅ።"

ስመለስ ቅቤ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝ። ችግረኛዋ ልጇ እኔ ነኝና።

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ያናገረኝ በአራተኛው ቀን መሆኑ ነው። "ነገርሻት?"

"ቅቤ ሰጠችኝ።"

ቅቤውን አየው፤ እኔን አየኝ። የማኅበሩን ነገር ተረኩለት። ደጃፉ ላይ ቁጭ አለና፣ "እና እኛ ሳናውቀው የሦስት ሴቶች ዋስ ነን?" አለ።

"የአራት። እማዬንም ጨምር።"

መሳቅ ጀምሮ ተወው። የሚስቅበት ጉልበት ያጣ ይመስል ነበር።

የጎፈር ሜዳውን ቤት ሌላ ሰው እንደገዛው አስቀድሜ ልንገራችሁና ልባችሁን ላሳርፍ። እኛ አሁንም ክረምቱን የምናልፍበት የኪራይ ቤት እየፈለግን ነው። ከጊምቢቹ የሆናችሁ አንባቢዎችም ብትኖሩና እናቴን ብታውቋት፣ አደራ፣ አማርኛ አታነብም፤ እናንተም አታንብቡላት። ወንድሜ ደህና ነው። በየወሩ በአምስት ይልካል።

ባንክ ግን ተመልሰን ሄደን ነበር። ባለቤቴ ነው የወሰደኝ። ዳዊት ፊት ተቀምጦ፣ "ያ በየወሩ የሚወጣውን ገንዘብ ዕዳ ብለህ ጻፈው" አለው። "አይቆምም። ደብቀን ከምንወስደው፣ ጽፈነው የሚደርሰንን ያህል ስጠን።"

ዳዊት ወደ እኔ አየ። አንገቴን ነቀነቅኩ። መጻፍ ጀመረ።

"የአበዳሪ ስም?"

የእናቴን ስም ተናገርኩ።

"ዕዳው የሚያልቅበት ጊዜ?"

ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ጥያቄው የማንን ዕድሜ እንደሚጠይቅ ገብቶኛል። እሱም ከተናገረው በኋላ ገባው መሰለኝ፣ ጆሮው ቀላ።

"ክፍት ተወው" አልኩ።

"ሲስተሙ ክፍት አይቀበልም፣ ቲቸር።"

ባለቤቴ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው። ሲበሳጭም ሲጸልይም እንዲሁ ነው የሚያደርገው።

"እግዜር ያርዝመው" አለ።

ዕዳ እንዲረዝም ሲጸለይ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ያን ቀን ሰማሁ።

"አሜን" አለ ዳዊት፤ ጣቶቹ ኪቦርዱ ላይ እንደቆሙ።