ስለ ካርቶኗ ቤትና ስለ ሰባቱ የቤተሰብ ነጥብ

ቃለ ጉባኤ እንደዚህ አሳምሮ የጻፈ ሰው እስከ ዛሬ አልተፈጠረም። አልተፈጠረም ስል እንኳ፣ ቢፈጠርም የማታ ትምህርት እኔ በተማርኩበት ክፍል አልነበረም። ፊደል ከቆጠርኩ ገና ዓመቴ ቢሆንም፣ ብዕር ይዞ የመጣ ሌላ ሰው ስላልተገኘ በሙሉ ድምፅ የወላጆች ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኛለሁ።

ቀን፦ ሰኞ፣ ከቀትር በኋላ።

ቦታ፦ ሦስተኛ «ለ» ክፍል፣ የልጆች ወንበር ላይ፣ ጉልበት ከአገጭ ጋር እየተጋጨ።

የተገኙ፦ ሰብሳቢው አናጢ፤ ርእሰ መምህሯ፤ ልብስ ሰፊዋ፤ ወሬ ከጀመሩ ስለማያቆሙ «ፍሬን የለሽ» የሚባሉት ጡረተኛ ሹፌር፤ እኔ ግንበኛው።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ስድስት ሰው ያስፈልግ ስለነበር በር ሊቆልፉ የመጡት ዘበኛ ተቆጥረው ሞላ። ዘበኛው «ኧረ እኔ ቁልፍ ይዤ ነው የመጣሁት!» ማለታቸው ተመዝግቧል።

አጀንዳ 1፦ የትምህርት ቤቱና የቤተሰብ ትብብር ያስገኘው ፍሬ

ርእሰ መምህሯ ሲያስረዱ፣ ባለፈው ስብሰባ በተወሰነው መሠረት ተማሪ ከቤት ሠርቶ ለሚያመጣው የእጅ ሥራ ከአሥሩ ነጥብ ሰባቱ ለቤተሰብ ተሳትፎ፣ ሦስቱ ለልጁ ለራሱ ሥራ እንደሚሰጥ፣ ከግማሽ በታች ያገኘም ክፍሉን እንደሚደግም አስታውሰዋል። «ትንሽ ቤት ሠርታችሁ አምጡ» ከተባለ ወዲህ ትብብሩ እጅግ ስለ ደራ፣ ልጆቹ ከሥራው ጨርሰው ማረፋቸውን በደስታ ገልጸዋል።

የሰብሳቢው ልጅ ቤት በሩ ይቆለፋል። ቁልፉ አባትየው ኪስ ውስጥ ነው፤ ልጁ በየት በኩል እንደሚከፈት አያውቅም። ልብስ ሰፊዋ፣ የልጃቸው ቤት መጋረጃ በድርብ ስፌት ተሠርቶ ሳለ «ነጥብ ተቀነሰብኝ» ሲሉ አቤት ብለዋል። ርእሰ መምህሯ «የተቀነሰው ከልጅዎ አይደለም እንዴ?» ቢሏቸው፣ «ማን ሆነና ሲሰፋ ያደረው!» ብለዋል። የእኔ ልጅ ቤት ባለ ሁለት ፎቅ ነው። ይህ አጀንዳ ውስጥ ባይኖርም መዝግቤዋለሁ።

አጀንዳ 2፦ የፅዳት ሠራተኛዋ ልጅ ጉዳይ

ልጅቷ የካርቶን ቤት ብቻዋን ሠርታ በማምጣቷ ለራሷ ሥራ ከሦስት ሦስት፣ ለቤተሰብ ተሳትፎ ዜሮ አግኝታ ክፍሉን ልትደግም ነው። እናትየዋ ወደ ሌሊት ሥራቸው ሲሄዱ ጋዋናቸውን እንደ ለበሱ ገብተው፣ «እኔ ሌሊቱን የሆስፒታል ወለል ስወለውል አድራለሁ። ቀን ስተኛ እንዳልነቃባት በእግር ጣቷ እየሄደች ነው የሠራችው። ከደገምኩ ትምህርት በቃኝ ብላኛለች፤ ምን ላድርጋት? እኔ የረዳኋት ካርቶኑን ከሥራ ቦታ ማምጣት ብቻ ነው» ብለዋል።

ካርቶን ማምጣት የቤተሰብ ተሳትፎ ነው አይደለም የሚል ክርክር ተነሣ። ፍሬን የለሽ «እኔ ዕድሜ ልኬን ዕቃ ሳመላልስ ማንም ቤተሰቤ ብሎኝ አያውቅም» አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ካርቶን ማምጣት ጭነት እንጂ ቤተሰብነት እንዳልሆነ ተወስኗል።

እናትየዋ «እንግዲያው ቤተሰብ ከጎደላት ቤተሰብ ስጧታ!» ብለው በሩን ወርውረው ዘግተው ወጡ። ኮሚቴው ይህን እንደ ሐሳብ ተቀብሎታል።

አጀንዳ 3፦ ለልጅቷ ቤተሰብ ስለ መመደብ

ልብስ ሰፊዋ አክስት፣ ዘበኛው አያት ሆነው ተመደቡ። ዘበኛው «የልጅ ልጅ ማግኘቴ ደግ፤ በሩስ?» ቢሉም ሰሚ አላገኙም። ፍሬን የለሽ በአባት በኩል አጎት ልሁን ሲሉ፣ እኔም ያንኑ ፈልጌ ስለነበር፣ «አንተ ጎረምሳ፣ ትናንት ሀ ሁ ቆጥረህ ዛሬ አጎት?» ብለውኛል። መልሴ ለቃለ ጉባኤ ስለማይመጥን አልተጻፈም። በእናት በኩል አጎት ሆኛለሁ።

ርእሰ መምህሯ ደምረው፣ ልጅቷ በዘመድ ብዛት ሰባቱንም ጠቅልላ፣ ከአሥር አሥር አግኝታ ከክፍሉ አንደኛ መውጣቷን አበሠሩ። የሰብሳቢው ልጅ ስምንት ነበረው። ሰብሳቢው ብድግ ሲሉ ወንበሩም አብሯቸው ብድግ አለ። «ቅድም ዘመድ ያልነበራት ልጅ አሁን በዘመድ ብዛት ልጄን ትብለጠው? አይደረግም! ሁሉም ይሰረዝ!» አሉ። ልብስ ሰፊዋ «መጀመሪያ ከወንበሩ ይውጡ፣ ሰውዬ» ሲሉ መክረዋቸዋል።

ውሳኔ፦ ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ማለትም ሁሉም ወደ ቤቱ መሄድ ስለ ፈለገ፣ በዛሬውና ባለፈው ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ ተሰርዟል። አክስትነት፣ አያትነትና አጎትነት ቀርቷል። የቤተሰብ ነጥብም ስለ ቀረ፣ ልጅ ሁሉ በራሱ ሥራ ከሦስት ይመዘናል፤ ያልሞላለት ራሱ ሠርቶ ያምጣ። የፅዳት ሠራተኛዋ ልጅ ከሦስት ሦስት ይዛ አልፋለች። ስብሰባው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተበትኗል። ሰብሳቢው፣ አንድ እጃቸው ወንበሩን እየታገለ፣ በሌላው ፈርመዋል።

ከፊርማ በታች፦ ቃለ ጉባኤ እስከ ታች የሚያነብ ሰው ስለሌለ እዚህ ልናገር። የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፤ «ባለፈው» የምትለዋ ቃልና እሷን ተከትሎ የመጣው ብቻ የእኔ ፈጠራ ነው። ሰብሳቢው ይሰረዝ ያሉት የዛሬውን ነበር። በዚያች ቃል ጦስ የገዛ ልጄም ቤቱን እንደ ገና ሊሠራ ነው። ሰብሳቢው ሳያነቡ ፈረሙ። ርእሰ መምህሯ ግን አነበቧት፤ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው ሲያዩኝ ቆዩና ማኅተሙን መቱበት።